በባትማን ካርቱን ውስጥ የተሸሸጉ ጥቅሻዎች

የ1992ቱ የባትማን ካርቱን መክፈቻ ርዕስ የለውም። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ዘራፊዎች ባንክ ያፈነዳሉ፣ ፖሊስ ያሳድዳቸዋል፣ ጣሪያ ላይ ካባ የለበሰ ጥቁር ጥላ ይደርስባቸዋል፤ በመጨረሻም መብረቅ ብልጭ ሲል ያ ጥላ ከሕንፃ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታያል። «ባትማን» የሚል ጽሑፍ አይወጣም፣ ቃል የሚናገርም የለም። በ1939 በኮሚክስ መጽሔት የተወለደ፣ በ1960ዎቹ በቴሌቪዥን የታየ፣ በ1989 የሲኒማ አዳራሾችን የሞላ ጀግና ነውና ማስተዋወቁ አላስፈለገም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ «ተመልካቹ ያውቃል» የሚለው መነሻ ካርቱኑ ውስጥ የተሸሸገውን ነገር ሁሉ ለመረዳት ያግዛል። በየክፍሉ የድሮ ተዋንያን፣ የጥንት መጽሔቶች፣ የአዘጋጆቹ የራሳቸው ፊት ሳይቀር ተሰውሮ ይገኛል። አድናቂዎች እነዚህን ጥቅሻዎች እየለቀሙ መዘርዘር ይወዳሉ፤ እኔም እወዳለሁ። ይሁንና ዝርዝሩን ከያዙ በኋላ ለእያንዳንዱ «ለምን እዚያ ተቀመጠ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያዝናናል። አንዳንዱ የገበያ ግዴታ ነው፣ አንዳንዱ ሳንሱርን ማለፊያ ብልሃት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ተራ ተረብ ነው። በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚከብዱት ዕዳ ለመክፈል የተቀመጡት ናቸው።

ተከታታዩ በአሜሪካው ፎክስ ጣቢያ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1992 ጀመረ፤ እስከ 1995 ድረስ 85 ክፍሎች ታዩ። ዋና ፈጣሪዎቹ ብሩስ ቲም እና ኤሪክ ራዶምስኪ ናቸው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ፖል ዲኒ እና አለን በርኔት ጎልተው ይጠቀሳሉ። በዚያ ዘመን የካርቱን የጀርባ ሥዕል በነጭ ወረቀት ላይ መሳሉ የተለመደ ነበር። ራዶምስኪ ግን ሠዓሊዎቹ ጥቁር ወረቀት ይዘው ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ብቻ እንዲቀቡ አደረገ። የባትማን ከተማ ጎታም በቀትርም የመሸባት የምትመስለው ለዚህ ነው።

የከተማዋን ዘመን ለመገመት የሞከረ ሰው ግራ ይጋባል። ባትማን በዋሻው ኮምፒውተር አለው፤ ቴሌቪዥኖቹ ግን ጥቁርና ነጭ ናቸው። ወንዶቹ ባርኔጣ ደፍተው ሰፊ ኮት ይለብሳሉ፣ መኪኖቹ የ1940ዎቹ ይመስላሉ፣ ፖሊስ ደግሞ ከተማዋን የሚጠብቀው በጋዝ በሚንሳፈፍ የአየር መርከብ ነው። ይህ ቅልቅል የመጣው ማክስና ዴቭ ፍላይሸር የተባሉ ወንድማማቾች በ1941 ከጀመሩት የሱፐርማን ካርቱን ነው። እስከ 1943 ድረስ 17 አጫጭር ፊልሞች ለሲኒማ ቤት ተሠርተው ነበር። ሹል ጥላ፣ ግዙፍ ሕንፃ፣ ቁጥብ እንቅስቃሴ ሁሉም ከዚያ ተወርሷል። አድናቂዎች በየግድግዳው ላይ የተጻፈ ስም ሲያድኑ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሻ መላዋ ከተማ መሆኗን አንዳንዴ ይዘነጉታል።

የገበያ ግዴታ ያልኩትን ቶሎ እንለፈው። ካርቱኑ የጀመረው ሁለተኛው የባትማን ሲኒማ ከወጣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ፔንግዊን የሚባለው ክፉ በፊልሙ እንደነበረው እጆቹ የወፍ መቅዘፊያ መስለው ተሳሉ፤ ድመቷ ሴትም እንደ ፊልሟ ተዋናይ ወርቃማ ፀጉር ኖራት። ማጀቢያውም ዳኒ ኤልፍማን ለ1989ኙ ፊልም ከደረሰው ዜማ የተወሰደ ነው። የየክፍሉን ሙዚቃ በኃላፊነት የመራችው ሸርሊ ዎከር ስትሆን፣ ለዚያው ፊልም ኦርኬስትራውን የመራችውም እርሷ ነበረች። የዎከርን ቀልድ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከተከታታዩ በተወለደውና በ1993 ለሲኒማ በቀረበው ፊልም መግቢያ ላይ መዘምራን በላቲን ቅዳሴ የሚያዜሙ ይመስላሉ። ቃላቱ ግን ላቲን አይደሉም፤ የባልደረቦቿ ስሞች ከኋላ ወደፊት ተነብበው ነው። ያን የመሰለ ግርማ ያለው ዜማ ሲሰማ ማን ይጠረጥራል?

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በኖቬምበር 1992 የታየው «ግራጫው መንፈስ» የተሰኘው ክፍል ዕዳ ስለሚከፍል ጥቅሻ ለማስረዳት ከሁሉም የተሻለ ምሳሌ ነው። በጎታም ቦምቦች ይፈነዳሉ። የፍንዳታው አካሄድ ባትማንን በልጅነቱ ያየውን የቴሌቪዥን ፊልም ያስታውሰዋል። የዚያ ፊልም ጀግና ጭምብል ያጠለቀና ባርኔጣ የደፋ «ግራጫው መንፈስ» የሚባል ሰው ነበር። ጀግናውን ሆኖ የተጫወተው ሲመን ትሬንት አሁን አርጅቶ ደህይቷል። አዘጋጆች ሁሉ በዚያ ጭምብል ብቻ ስለሚያውቁት ሌላ ሥራ የሚሰጠው የለም፤ የኪራይ ገንዘብ ለማግኘት የድሮ ልብሱን እስከ መሸጥ ደርሷል።

የትሬንትን ድምፅ የሰጠው አዳም ዌስት ነው። ዌስት ከ1966 እስከ 1968 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ባትማንን ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው። ያ ተከታታይ 120 ክፍሎች ነበሩት፤ ቀለሙ የደመቀ፣ በጥፊው ሁሉ «ፓው!» የሚል ጽሑፍ የሚወጣበት፣ ራሱ በራሱ የሚስቅ ሥራ ነበር። ሲያልቅ ዌስትን የገጠመው ልክ የትሬንት ዕጣ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከባትማን ውጪ ሆኖ ሊያየው የፈቀደ አዘጋጅ አልነበረም። ስለዚህ ትሬንት ስለ ጭምብሉ ሲያማርር የምንሰማው የሌላ ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ያውም በባለቤቱ ድምፅ።

ክፍሉ በዚህ አያበቃም። ባትማን ትሬንትን ወደ ዋሻው ይወስደዋል። ሽማግሌው ዙሪያውን ሲመለከት ዋሻው ግራጫው መንፈስ በፊልሙ ውስጥ ይኖርበት የነበረው ምሽግ ትክክለኛ ቅጂ ሆኖ ያገኘዋል። ባትማን ባትማን የሆነው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ባየው ፊልም ነው ማለት ነው። የ1960ዎቹን ቀልደኛ ባትማን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አድናቂዎች በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ። አዲሱና ቁጡው ባትማን ደግሞ በድሮው ባትማን ፊት ቆሞ «ያለ አንተ እኔ የለሁም» እንደማለት ያለ ነገር አደረገ። ዌስትን የማያውቅ ሕፃን ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚያየው አንድ የተረሳ ሽማግሌ ክብሩን ሲያገኝ ነው፤ ያም ለእርሱ በቂ ታሪክ ነው። ጥሩ ጥቅሻን ከመጥፎው የምለየው በዚህ ነው፤ ምንጩን የማያውቀው ተመልካች ከታሪኩ የሚጎድልበት ነገር ሊኖር አይገባም።

ቦምበኛውስ ማን ነው? የአሻንጉሊት ሻጭ ነው፤ ቦምቦቹን የሚልካቸው በአሻንጉሊት መኪኖች ነው። በአሻንጉሊት ፍቅር ያበደ፣ ገንዘቡን ሁሉ በስብስቡ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ፊቱ የብሩስ ቲም ፊት ነው፤ ድምፁም የቲም የራሱ ነው። ፈጣሪው ራሱን ክፉ አድርጎ ሳለ፤ ያውም የድሮ ዕቃ እያሳደደ ልቡን የሳተ አድናቂ አድርጎ። ይህ በራስ ላይ መሳቅ ለተመልካቹም ትንሽ ይተርፈዋል።

ሌላ ዓይነት ጥቅሻ ደግሞ የቆየ ዕቃን ታሪክ ያድሳል። በባትማን ዋሻ ውስጥ አንድ ግዙፍ የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ቆሟል። በኮሚክሱ ይህ ሳንቲም ከ1947 ጀምሮ የነበረ ሲሆን የመጣውም በሳንቲም ከሚያብድ አንድ ተራ ዘራፊ ታሪክ ነው። በ1992 ያ ዘራፊ ተረስቷል፤ ሳንቲሙ ግን የዋሻው ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። በዚያው ዓመት «ለጥቂት አመለጠኝ» በሚለው ክፍል ክፉዎቹ ተሰብስበው ካርታ እየተጫወቱ ባትማንን ለመግደል ምን ያህል እንደተቃረቡ ይፎካከራሉ። ባለሁለት ፊቱ ሰው በተራው ባትማንን በግዙፍ ሳንቲም ላይ አስሮ ወደ ላይ እንዳስፈነጠረው ይናገራል። ይህ ሰው እያንዳንዱን ውሳኔ የሚወስነው ሳንቲም በመወርወር ነውና ታሪኩ ከማንም ይልቅ ለእርሱ ይስማማል፤ ካርቱኑ ዕቃውን ከተረሳው ዘራፊ ነጥቆ ለትክክለኛው ባለቤት ሰጠው። ክሮክ የሚባለው ባለ አዞ ቆዳ ደግሞ ተራው ሲደርስ «ድንጋይ ወረወርኩበት» ይላል፣ ያም ትልቅ ድንጋይ እንደነበረ ያክላል። ይህ ምንም የተሸሸገ ነገር የለበትም፤ እንዲሁ ስለሚያስቀኝ ነው የጠቀስኩት።

እስካሁን የተናገርኩት ካርቱኑ ከቀደሙት ስለወሰደው ነው። ከ1992 በኋላ ግን ውርሱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ ኮሚክሱና ሲኒማው ከካርቱኑ መውሰድ ጀመሩ። የሃርሊ ኩዊን ታሪክ ዝነኛው ነው። ፖል ዲኒ የባትማን ዋና ጠላት ለሆነው ለጆከር አንዲት ረዳት ፈለገ፤ የታሰበችውም ለአንድ ክፍል ብቻ ነበር። መነሻ የሆነችው የኮሌጅ ጓደኛው ተዋናይ አርሊን ሶርኪን ናት። ሶርኪን በምትተውንበት የቀን ድራማ ውስጥ በአንድ የሕልም ትዕይንት የቤተ መንግሥት አጫዋች ለብሳ ታይታ ነበር፤ ዲኒ ያን አይቶ ገጸ ባሕርይዋን ጻፈ፣ ድምፁንም ለራሷ ለሶርኪን ሰጠ። ሃርሊ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ታየች። በ1994 ዲኒና ቲም የሕይወት ታሪኳን በኮሚክስ አወጡ፤ በ1999 ወደ ዋናው የባትማን የኮሚክስ ዓለም ገባች፤ ዛሬ የራሷ ፊልሞች አሏት። ሶርኪን በ2023 አረፈች።

የፖሊሷ የረኔ ሞንቶያ ጉዳይ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሆን ነው። የተፈጠረችው ለካርቱኑ ነው፤ መጀመሪያ የታየችው ግን በኮሚክስ ነው! አኒሜሽን ተሠርቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የመጽሔቱ ጸሐፊዎች ቀድመው ወሰዷትና ካርቱኑ ከመጀመሩ በፊት በዚያው በ1992 ታተመች።

ሚስተር ፍሪዝ ግን ጥልቁ ምሳሌ ነው። ይህ ክፉ በ1959 ሲፈጠር «ሚስተር ዜሮ» የሚባል፣ በረዶ የሚረጭ ጠመንጃ የያዘ ተራ ሌባ ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከ1960ዎቹ ተከታታይ ነው። በሴፕቴምበር 1992 ዲኒ የጻፈውና ቲም ያዘጋጀው «የበረዶ ልብ» የተባለ ክፍል ሚስት ሰጠው። ሚስቱ ኖራ በማይድን ሕመም ተይዛ መድኃኒት እስኪገኝላት ድረስ በበረዶ ውስጥ ተኝታ ሳለ፣ የኩባንያው አለቃ ወጪው በዛ ብሎ ሙከራውን በግድ ያቋርጣል። ከዚያ በኋላ ፍሪዝ የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም። ክፍሉ ለጽሑፉ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ፤ ይህ ታሪክም ወደ ኮሚክሱ ገብቶ የፍሪዝ እውነተኛ ታሪክ ሆኖ ቀረ። የጨካኙ አለቃ ድምፅ ማርክ ሃሚል ነው። ሃሚል ጆከርን ከመያዙ በፊት በተከታታዩ የተጫወተው ይህን አለቃ ነበር፤ ያን የሚያውቅ ሰው አለቃው በጎ አድራጊ ተብሎ ሲሸለምና ፈገግ ሲል ጆሮው ሌላ ፈገግታ ይሰማዋል።

ሳንሱሩስ? የልጆች ሰዓት ፊልም ስለነበር የጣቢያው ተቆጣጣሪዎች ብዙ ይከለክሉ ነበር። ቲም ክልከላዎቹን ሁሉ በአንድ ሥዕል ሰብስቦ ሳላቸው። ባትማን መስታወት ሰብሮ ገብቶ ጆከርን አንቆ ይይዛል፣ ሽጉጥ ይተኮሳል፣ መጠጥና ሲጋራ አለ፣ ሕፃን አደጋ ላይ ነው፤ በካርቱኑ ሊታይ የማይችለው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጠራቅሟል።

ክልከላው ግን አንዳንዴ ጠቀመ። የባትማን ረዳት የሆነውን የሮቢንን ታሪክ የሚተርከው ክፍል የወላጆቹን ሞት ማሳየት አይችልም ነበር። ሁለቱ የሰርከስ አክሮባቶች በገመድ ተንጠልጥለው ከምስሉ ይወጣሉ፤ ገመዱ ሲመለስ ተበጥሷል፣ ማንም አልተንጠለጠለበትም። የምንሰማው የሕዝቡን ድንጋጤ ብቻ ነው። አስከሬን ከማሳየት የባሰ ነው፤ ክፍሉም በ1993 የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ሌላው ዘዴ የተንኮል ነው። በአሻንጉሊት የሚናገረው ወንበዴ ታሪክ ውስጥ አለቃው ስካርፌስ የእንጨት አሻንጉሊት ነው። ሰው በጥይት ሲደበደብ ማሳየት ክልክል ነበር፤ አሻንጉሊት ግን ሰው አይደለም። ስለዚህ ስካርፌስ በራሱ ሰዎች የጥይት እሩምታ ተበጣጥሶ ወደቀ። የያዘው ሰው ሲያለቅስ ግን ተመልካቹ ያየው ግድያ እንደሆነ ይገባዋል።

ታሪኩ ራሱ ለተመልካቹ ፍንጭ የሚደብቅበት ጊዜም አለ። በ«ምናልባት ሕልም» ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ጭምብሉን ያወለቀው ባትማን፣ ወላጆቹ በሕይወት ባሉበት፣ ባትማን ሌላ ሰው በሆነበት ዓለም ይነቃል። ርዕሱ ከሼክስፒር ሐምሌት የተወሰደ ስለሆነ ተውኔቱን የሚያውቅ ሰው ገና ሲጀመር ይጠረጥራል። ላላወቀው ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ብሩስ ጋዜጣ ሲገልጥ ፊደሎቹ የተዘበራረቁ ናቸው፣ በሕልም ማንበብ አይቻልምና። ለዚህ የሚሰጠው የአንጎል ሳይንስ በጣም አጠራጣሪ ነው፤ እንደ ድራማ ግን ግሩም ነው።

የማልወደውንም ልናገር። በ1998 በተከታዩ የካርቱኑ ምዕራፍ ልጆች ስለ ባትማን የሚያወሩበት አንድ ክፍል ታየ። እያንዳንዱ በራሱ ግምት ይስለዋል፤ አንዱ ትረካ በ1950ዎቹ በሠዓሊው ዲክ ስፕራንግ ዘይቤ፣ ሌላው በፍራንክ ሚለር የ1986 ኮሚክስ መልክ ነው። ከእነዚህ ልጆች ቀይ ፀጉሯ ካሪ የምትባለው ከሚለር መጽሐፍ የወጣች ናት። ሁሉም ያምራል። ከዚያ ግን ጆኤል የሚባል ልጅ ብቅ ይላል፤ ጠባብ የላስቲክ ልብስና ግድግዳ የሚወጣ መኪና እንደሚወድ ይናገራል፣ ሌሎቹም ፊታቸውን ያዞሩበታል። ከበስተጀርባው ያለው የጫማ ቤት ስም በ1995 እና በ1997 የወጡትን የባትማን ፊልሞች ያዘጋጀው ጆኤል ሹማከርን ይጠራል። ምንጩን የማያውቅ ተመልካች የሚያየው አንድ ልጅ ያለ ምክንያት ሲሰደብ ነው። በዚያ ላይ የሹማከር የ1997 ፊልም ሚስተር ፍሪዝን ያቀረበው ካርቱኑ በፈጠረለት ሚስት ታሪክ ነበር። የወሰደውን ሰው መስደብ ይቻላል፤ ለአዳም ዌስት ያን ያህል ርኅራኄ ካሳዩ ሰዎች ግን ከዚህ የተሻለ እጠብቅ ነበር።

እነዚሁ አዘጋጆች የሱፐርማን ተከታታይም ሠርተዋል። በዚያ ውስጥ ዳን ተርፒን የሚባል አጭር፣ ጎበዝና ግትር ፖሊስ አለ። የተሳለው በሠዓሊው ጃክ ከርቢ መልክ ነው። ከርቢ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የባትማንና የሱፐርማን አሳታሚ ለሆነው ለዲሲ ኩባንያ ተርፒንን፣ ዋናውን ጠላት ዳርክሳይድን እና ብዙ ሌሎችን ፈጥሯል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የተቀናቃኙን የማርቬልን ታላላቅ ጀግኖች በጋራ ፈጥሯል። የሥራውን ዋጋና እውቅና ለማግኘት ግን ሕይወቱን ሙሉ ሲታገል ኖረ፤ በፌብሩዋሪ 1994 አረፈ። በ1998 በታየው ክፍል ዳርክሳይድ ተርፒንን ይገድለዋል። ልዕለ ጀግኖች ሞተው በሚነሡበት ዓለም ተርፒን አይነሣም። ከርቢ አይሁዳዊ ነበርና በተርፒን ቀብር ላይ ረቢ ይጸልያል፤ ክፍሉም ለከርቢ መታሰቢያ እንደሆነ በመጨረሻ ይጻፋል። በመጀመሪያው ስርጭት ከለቀስተኞቹ መካከል ከርቢ ለማርቬል የፈጠራቸው ሰዎች ቆመው ነበር። የሌላ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ በኋላ በወጡት ቅጂዎች አይታዩም።

በባትማን ካርቱን ግን ያልተከፈለ አንድ ዕዳ ነበር። በክፍሎቹ ላይ የባትማን ፈጣሪ ተብሎ የሚጻፈው ቦብ ኬን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈው፣ በክንፍ ፈንታ ካባ ይሁን ያለው፣ ብሩስ ዌይን የሚለውን ስምና ጎታም የሚለውን የከተማ ስም ያወጣው ቢል ፊንገር ነበር። ኬን በውሉ ብቸኛ ፈጣሪ ተብሎ እንዲጻፍ ስላስፈረመ የፊንገር ስም ቦታ አላገኘም፤ ፊንገርም በ1974 ሞተ። የባትማን ባለቤት ከሆነው ከዋርነር ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደርሶ «በቦብ ኬን ከቢል ፊንገር ጋር» መባል የጀመረው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትን 85ቱን ክፍሎች የሚያይ ሰው በማጠናቀቂያው ጽሑፍ ላይ ያንን ስም ቢፈልግ አያገኘውም።